የሸዋአየሁ የክርስትና ስም

አዘዞ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ወልደ ዮሐንስ፤

እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ? ውርጩ የወገራን ባቄላ ፈጀው ብሎ ሹፌሩ ወንድምአገኝ አውርቶኛል፤ የእኛንም ነክቶት እንደሆነ ይጻፉልኝ። እኔ «ደህና ነኝ» ብዬ የጀመርሁትን ወረቀት ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ ደህና አይደለሁም።

«ለልደት ምነው ቀረሽ? አላምረው ብቻውን መጣ፤ ተጣላችሁ እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ባለፈው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ የላክሁት ውሸት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ የለኝም። ከኅዳር ጀምሮ የማስተምርበትን የሙከራ ቤት ደጃፍ እንዳልረግጥ ታግጃለሁ። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳይሉኝ፤ እርስዎ ስልክ አልይዝም ብለዋል፣ እኔ ደግሞ ስልክ እንዴት እንደሚጠለፍ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ለእንዲህ ያለው ነገር ወረቀትና የወንድምአገኝ ኪስ ይሻላሉ።

ሰው ሲጠይቅዎ «ልጄ ኮምፒውተር ታስተምራለች» ይላሉ። የምናስተምረው መስበርን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «ኑና በሬን ሞክሩልኝ» ብሎ ፈርሞ ወረቀት ይሰጠናል፤ እኛም እንደ ሌባ እንሞክራለን፣ የገባንበትን ቀዳዳ አሳይተን እናስደፍናለን። ሠልጣኞቹንም እጃቸው እስኪፈታ የምናለማምዳቸው ይህንኑ ነው። አምና «የጎንደርን ታቦታት ከነበዓላቸው፣ የክርስትና ስሞችንም በያይነታቸው ይጻፉልኝ» ብዬ ያስቸገርሁዎ ለዚህ ነበር። የፈረንጅ መሣሪያ የይለፍ ቃል ሲገምት የፈረንጅ ውሻ ስም ነው የሚሞክረው። የእኛ ሰው ግን ውሻውን አይደለም፣ ታቦቱን ነው የሚያስታውስ። በእርስዎ ዝርዝር ላይ ዓመት ሙሉ ለፍቼ መሣሪያውን ሠራሁት፤ ስሙንም «አርባ አራቱ» አልሁት። በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ ይዘን፣ ከሰባው ቁልፍ ሠላሳ አንዱን በግማሽ ቀን ከፈተው። የሥራ አስኪያጁ ቁልፍ «ቁስቋም ስድስት» ሆኖ ሲወጣ ሰውየው ላብ አጠመቀው።

ይህን መሣሪያ አላምረው ሰረቀኝ። የእማማ ሸዋአየሁ ልጅ፣ ከእኔ ጋር እርስዎ እግር ሥር ፊደል የቆጠረው አላምረው። እኔው ራሴ ነበርሁ እዚህ ያስቀጠርሁት። በኅዳር የሞያው ሰዎች ሁሉ በተሰበሰቡበት ቆሞ «የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። አቤት ስል ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ «እታገኘሁ ያለ ፈቃድ ማኅደሬ ገብታ ሥራዬን አጥፍታለች» ብሎ የፈጠረውን መዝገብ አሳየ። ላፕቶፔን ማስረጃ ነው ብለው ወሰዱት። በመጋቢት ወር፣ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይፈርዳል። ከፈረዱብኝ ከሞያው ወጣሁ፤ ሌባ የተባለን ሰው «በሬን ሞክርልኝ» የሚል የለማ።

የመሣሪያው የመጀመሪያ ረቂቆች ከነቀናቸው፣ በእኔ ስም፣ እሱ «ጓዳ» በሚለው በተቆለፈ ቦታ አሉ። አላጠፋቸውም፤ መሣሪያው ሲበላሽበት ከእነሱ ነው የሚጠግነው። ጓዳው አምስት ጊዜ ከተሳሳቱበት ለዘለዓለም ይዘጋል። ቁልፉን ግን አንድ ቀን ለሠልጣኞች ሲፎክር ነግሮናል፤ «የእናቴ የክርስትና ስም ነው፤ ለአባቴ እንኳ ያልነገረችው። ከእኔና ከንስሐ አባቷ በቀር የሚያውቀው የለም» አለ።

ንስሐ አባቷ እርስዎ ነዎት። ስሟን ይላኩልኝ።

ልጅዎ እታገኘሁ


ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፤ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእታገኘሁ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ባቄላው ተርፏል፣ ጉልበቴም እንደ ባለቤቱ ያረጃል። ወረቀትሽን ከቅዳሴ መልስ አነበብሁት፤ ምሳዬንም ሳልቀምስ ቀረሁ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አይሆንም ነው። አገሩ የክርስትና ስሙን ለምን እንደሚሸሽግ ታውቂያለሽ። ስሙን ከነእናቱ ስም የያዘ መተተኛ ሰውየውን ይይዘዋል ብሎ ይፈራል። እኔ መተቱን አልፈራም፤ አደራውን ግን እፈራለሁ። አምና የጻፍሁልሽ ስሞች ባለቤት የላቸውም፤ ወለተ እገሌ፣ ገብረ እገሌ ናቸው። የሸዋአየሁ ስም ግን ሸዋአየሁ ናት። ኑዛዜዋን በሰማሁበት ጆሮ የሰማሁትን ስም በሹፌር ኪስ አልልክም።

ስለ አላምረው ልናገር። በልደት ዕለት እጄን ስሞ «አባ፣ እታገኘሁ ሥራ ስለበዛባት ነው የቀረችው» ብሎኛል። ዐይኔን እያየ! እኔም ምስኪን «ሸጋ፣ ይባርክህ» አልሁት። ያቺ ምርቃት ባንቺ ላይ ከተሠራው ሁሉ ትብስብኛለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ወረቀትሽን ካነበብሁ ወዲህ በቆምሁ ቁጥር ሳል ይዞኛል።

ሽማግሌ ብንልክበትስ? ደግሞ እስኪ ንገሪኝ፤ የእናንተ ሞያ ሕግ የለውም? እኔ ቀኖና አለኝ። እናንተስ?

አባትሽ


አዘዞ፤ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣ ጤናዎን ይስጥልኝ፤

በጥምቀትም ስላልመጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱ ታቦት አጅቦ ሲዘምር ባየው እዚያው አንቀው ነበር።

ሽማግሌ ይላክ ላሉት፣ ልኬአለሁ። ሁለት የሞያ አባቶቻችን አናግረውት «እታገኘሁን እንደ እህቴ ነው የማያት፤ አእምሮዋ ስለደከመ ነው» አላቸው። አዝነውልኝ ተመለሱ። በእሱ ሳይሆን በእኔ አዝነው!

ሕግ የለንም ወይ ላሉትም፣ አለን። አንደኛው «ያለ ፈቃድ ወረቀት የሰው በር አትንካ» ይላል። ዘጠኝ ዙር አስተምሬዋለሁ፤ ሠልጣኝ ሲስቅበት ከክፍል አስወጣ ነበር። የምጠይቅዎ ያንን ሕግ ለማፍረስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አላወቀችም ነበር ብለው እንዳያዝኑልኝ።

እውነቱን ልንገርዎ? ስሜ ቢመለስልኝ ብቻ አይበቃኝም። በሠልጣኞቹ ፊት ምላሱ ሲተሳሰር ማየት እፈልጋለሁ። አሁን የሚያስተምረው በእኔ አፍ ነው። የፈረንጁን ውሻ ቀልዴን ሳይቀር ወስዶታል፤ ሠልጣኞቹም ይስቁለታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ ማታ ስተኛ ጠዋት ስነሣ እሷኑ ቀልድ ነው የምሰማው።

አንድ ነገር ሸሽጌዎ ነበር። መሣሪያው ሲከፈት ፊት ለፊቱ ላይ «ቃሉ የአባቴ የቄስ ወልደ ዮሐንስ፣ ድካሙ የእታገኘሁ» የሚል መስመር ነበረው። የእኔን ብቻ አይደለም የፋቀው፤ የእርስዎንም ነው። ዝርዝሩን «ከሽማግሌዎች ተጠይቆ የተሰበሰበ» ብሎታል። እርስዎ በኩራዝ ተቀምጠው፣ ዐይንዎ እያለቀሰ የጻፉት ሠላሳ ሁለት ገጽ «ከሽማግሌዎች» ሆነ።

እማማ ሸዋአየሁ እንዴት ናቸው? በዚህ ሁሉ እሳቸውን አልጠላሁም።

እታገኘሁ


ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፤ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ብዕር አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ። በሦስቱም ልጽፍልሽ የነበረው ስሟን ነው።

የፋቀ ማለት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በብራና መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻ ላይ «የሰረቀው፣ የፋቀው፣ ውጉዝ ይሁን» ተብሎ ይጻፋል። የሰረቀው አንድ ነገር ነው። መጽሐፍ ሰርቆ የሚያነብበት አለ፤ እግዚአብሔርም ሳይስቅለት አይቀርም። የጸሐፊውን ስም በቢላ ፍቆ የራሱን የሚጽፍ ግን ሰውየውን ከነድካሙ ነው የሚቀብረው። እኔ ያንን ልጅ ፊደል ሳስቆጥረው «ሐመሩ ሐ»ን ላይ ታች ይገለብጣት ነበር፤ እጁን ይዤ ነው ያቃናሁለት። በያዝሁት እጅ ፋቀኝ።

በሰንበት ዕለት ጸሎቴን ሳደርስ ስለ እርሱ ያልሁትን ልንገርሽ? አልነግርሽም። ካህን እንዲህ አይልም። ነገር ግን ብያለሁ።

ስሟን ግን አልጽፍልሽም። የተቆጣሁት በልጇ ነው፤ ስሙ ግን የእርሷ ነው። ለኮሚቴው እኔ መጥቼ ብመሰክርስ? ዝርዝሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሸዋአየሁን ጠይቀሻል። ደህና ናት። የጠየቅሽኝ ሌላ ነገር ካለ በሚቀጥለው እመልሳለሁ፤ መብራቱ ደክሟል።

አባትሽ ወልደ ዮሐንስ


አዘዞ፤ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፤

የምስክርነቱን ነገር ጠየቅሁ። «አባት ለልጁ ቢመሰክር ምን ይደንቃል» አሉኝ። ያ መንገድም ተዘጋ።

ደግሞ «ደህና ናት» ብለው ጻፉልኝ። ወንድምአገኝ ግን እማማ ሸዋአየሁ አልጋ ከያዙ ሁለት ሳምንት አለፋቸው፣ እህል አይቀምሱም፣ አላምረውም ተጠርቶ እየመጣ ነው አለኝ። ምነው ሸሸጉኝ? ምክንያቱን ለመገመት ብዙ አልደከምሁም፤ እርስዎ ያሰቡትን እኔም አስቤዋለሁና። ሰው በሕይወት ሳለ የክርስትና ስሙን ይደብቃል፤ ሲሞት ግን ካህኑ በሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ ይጠራዋል። ያለዚያ ፍትሐት የለም።

እናት የሌለኝ ልጅ ሆኜ በእማማ ሸዋአየሁ ቆሎ ነው ያደግሁት። ጸጉሬን ሹሩባ የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሞታቸውን የምጠብቅ ጅብ ሆንሁ፤ ይህን ስጽፍልዎ ፊቴ ይቃጠላል። ያም ሆኖ እመጣለሁ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ የሚሉትን እሰማለሁ።

እታገኘሁ


ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፤ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታገኘሁ፤

አትምጪ።

የምጽፈው አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ነው። ነገ አቆርባታለሁ። ትንሽ ሲነጋላት «አያ ወልደ ዮሐንስ፣ እታገኘሁ አልመጣችም?» አለችኝ። መንገድ ተዘግቶባት ነው አልኋት። ለምትሞት ሴት ዋሸሁ፤ ባንቺ የተነሣ።

ስሟን በፍትሐቱ ላይ ብውጠው እርሷን እበድላለሁ። ብጠራው ደግሞ አንቺን ለስርቆት አስታጥቃለሁ። በሁለት ስለት መካከል አታቁሚኝ። ልታለቅሺላት ከሆነ ሰልስቷ ካለፈ በኋላ ነይ። አባትሽ ሆኜ ነው የማዝሽ፤ ካስፈለገም ካህን ሆኜ።

ወልደ ዮሐንስ


አዘዞ፤ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

ያዘዙኝን ሽሬ በመምጣቴ፣ ከቀብሩም ሳልሰናበትዎ በመሄዴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዐይን ለዐይን ስንገጣጠም እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት፤ እስክሪብቶዬን ግን እንዳዩት አውቃለሁ። «ነፍሰ አመትከ ፍቅርተ ማርያም» ሲሉ መዳፌ ላይ ጻፍሁት። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች የማለቅስ መስሏቸው ደገፉኝ። ማልቀሱንም አልቅሻለሁ፤ ሁለቱንም አደርግ ነበር።

ጓዳው አልከፈተም።

ከኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ በአማርኛ ፊደል ሞከርሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሞከርሁ፣ ከልደት ዘመናቸው ጋር አያይዤ ሞከርሁ፣ አራተኛ ከበዓለ ማርያም ቀን ጋር ሞከርሁ። አምስተኛውን ፈርቼ ተውሁት። በማግስቱ ሰኞ አንድ ሠልጣኝ የታሸገ ፖስታ አመጣልኝ። በውስጡ የሞከርኋቸው አራት ቃላት ከነሰዓታቸው ታትመዋል፤ ሌላ አንድም ፊደል የለበትም። የሚነካውን ሁሉ የሚመዘግብ ወጥመድ ነበረው ማለት ነው። ወጥመድ እንዲህ እንደሚጠመድ ያስተማርሁት እኔ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ።

እስካሁን የተከሰስሁት ባልሠራሁት ነበር። አሁን ግን ሠርቼዋለሁ። ወረቀቱን ለኮሚቴው ካሳየ ለእኔ የሚቆም ሰው አይኖርም፣ መቆምም አይገባውም።

አባቴ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ምን ብለው ነበር የጠሯቸው? እኔ ነኝ የተሳሳትሁት፣ ወይስ እሱ ስለ ቁልፉ ዋሽቶናል?

እታገኘሁ


ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፤ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ስለ ስሙ የጠየቅሽኝን ዛሬ አልመልስም። ቁጣሽንም ጥፋትሽንም ለጊዜው እንተወው። አላምረው ምን እንዳለኝ ልንገርሽ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥይው።

የሰልስቷ ዕለት፣ የኪዳነ ምሕረት ቀን ነው፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር መጣ። ዐይኑ አብጧል።

«አባ፣ በቀብሩ ዕለት የጠሩት የእናቴን ስም አይደለም» አለኝ።

«አይደለም» አልሁት።

«ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳትሁም።»

«አባ፣ እናቴ ምን አደረገችዎ?» አለ።

«ሸዋአየሁ ምንም አላደረገችኝም። አንተ ግን የሁለት ሰው ስም ፍቀሃል። አሁን ስም ሲፋቅ እንዴት እንደሆነ አየኸው? የልጄን ስም ስትመልስ እኔም የእናትህን ስም እመልሳለሁ። አርባዋ መጋቢት ሃያ ሦስት ነው» አልሁት።

ለሊቀ ካህናቱ እከስዎታለሁ አለ። ሂድ ክሰስ አልሁት። ለሌላ ቄስ ነግሬ አስፈታታለሁ አለ። «ስሟን ታውቀዋለህ፣ ንገረው። ንስሐ አባቷ ምነው አልፈታትም ብሎ ሲጠይቅህ ግን ምን ትለዋለህ? እናትህ በተከበረችበት አገር መካከል ቆመህ ሌብነትህን ታወራለህ?» አልሁት። ቀጥሎ የልጅዎ ገመድ በእጄ ነው፣ አራት ጊዜ በሬን ነካክታለች አለኝ። ያን ጊዜ የሰንበት ዕለት ሳሌ ተነሣብኝ። «አቅርበው» አልሁት፤ «እኔም በዱላዬ ተደግፌ አዘዞ እወርዳለሁ። ስሙን ከየት እንዳገኘችው፣ ለምን እንደፈለገችው፣ በማን ቀብር ላይ እንደሰማችው ለዳኞችህ እነግራለሁ። ሦስታችንም አንድ ላይ እንቀበራለን።»

ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ፊደል ሳስቆጥረው ከተቆጣሁት በኋላ እንደሚሄደው ነው የሄደው፤ ትከሻውን ሰብሮ። አላዘንሁለትም። ማዘን ነበረብኝ ትይ ይሆናል። አላዘንሁለትም።

አንቺ ምንም አታድርጊ። አምስተኛውን እንዳትሞክሪ።

አባትሽ


አዘዞ፤ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፤

ጾሙን እንዴት ይዘውታል? ሽሮና በርበሬ በወንድምአገኝ እጅ ልኬአለሁ፤ እንደ አምናው ለጎረቤት አከፋፍለው ባዶ ቤት እንዳይቀመጡ።

«ሆነ ወይስ አልሆነም?» ላሉኝ፣ ሆነ።

መጋቢት አሥራ አምስት የሥልጠናው መዝጊያ ነበር። ኮሚቴውም ሠልጣኙም ባለበት አላምረው ወጣ። ግድግዳው ላይ ረቂቆቹን ከነቀናቸው፣ ከነስሜ አበራቸው። «አርባ አራቱን የሠራችው እታገኘሁ ናት፤ ቃሉም የአባቷ ነው። በእሷ ላይ ያቀረብሁትን መዝገብ የፈጠርሁት እኔ ነኝ» አለ። ሁለት ጊዜ ምላሱ ተሳሰረ። አንዱ ሠልጣኝ ሳቀበት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ጣፈጠኝ፤ አባቴ፣ ለእርስዎ ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ላፕቶፔ ተመለሰልኝ፣ የእርስዎም መስመር በቦታዋ ገባች።

የፖስታውን ነገር እሱ አላነሣውም። እኔ ራሴ ተነሥቼ ተናገርሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ያንን ገመድ በእጁ ይዞ እንዲኖር ስላልፈለግሁ ይሆናል። ያለ ፈቃድ በር በመንካቴ ለስድስት ወር ከማስተማር ታግጃለሁ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም ይህንኑ እፈርድበት ነበር። እሱን ለዘለቄታው አሰናብተውታል።

ሲወጣ ደጃፉ ላይ ጠበቀኝ። ልብሱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። «ለአባ ንገሪልኝ፤ አርባዋ ማክሰኞ ሳምንት ነው። ድርሻዬን አድርጌአለሁ። እባክሽ፣ ሌሊት ሌሊት ስም እንደሌላት ሆና ትመጣብኛለች» አለኝ። ማሩ እዚያው ላይ ኮመጠጠብኝ። እማማ ሸዋአየሁ እኔን ጸጉር ሲሠሩኝ ይዘምሩት የነበረው ትዝ አለኝና ጥዬው ሄድሁ።

ይጥሩላቸው፣ አባቴ። ከእኛ ቂም ጋር ምንም የላቸውም። ስሙን እንዳልሰማ እኔ ከተዝካሩ እቀራለሁ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ ፍቅርተ ማርያም ማን ናት?

ልጅዎ እታገኘሁ


ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፤ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእታገኘሁ፤

ሽሮው ደርሶኛል። ግማሹ ለጎረቤት ሄዷል፤ አትቆጪ።

አርባዋ ትናንት ሆነ። የምስር ወጥና ጠላ ነበር፤ አገሩ ተሰብስቧል። ስሟን እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠራሁት። አላምረው መሬት ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ሰዎች አነሡት። ሲስመኝ እጄ ረጠበ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ፍቅርተ ማርያም እናትሽ ናት። በቀብሩ ዕለት ስሙ ጋ ስደርስ ቀና አልሁ፤ አንቺም እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ አስገብተሽ ቆመሻል። ልዋጠው ብል ሕዝቡ ያስተውላል። ሌላ ስም ልጥራ ብዬ ቆረጥሁ፤ አርባ ዓመት ስንት ስም ጠርቻለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ግን ወደ አፌ የመጣው የእርሷ ብቻ ነው። አንቺ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሽ በክረምት ሞተች። ወንዙ ሞልቶ ዘመድ አልደረሰም፤ አራት ሰው ብቻ ሆነን ዝናብ እየወረደብን ቀበርናት። ስሟን ከዚያ ወዲህ ለማንም አልነገርሁም፤ ላንቺም፣ ብጠራው እፈርስ ነበርና። በሸዋአየሁ ሬሳ ላይ ስጠራው ግን ወገራ ሁሉ ቆሞ «እግዚኦ» አለላት። በአራት መልክ የሞከርሽው የእናትሽን ስም ነው፣ ልጄ። ለሌላ ነገር ሳይሆን ለጸሎት ያዥው።

ሸዋአየሁን ግን አልበደልኋትም፣ ከሁለት ቀን በቀር። የሰልስቷ ዕለት ጎሕ ሲቀድ፣ ገና ሰው ሳይመጣ፣ አላምረውም ከጽዱ ሥር ሳያገኘኝ፣ ብቻዬን መቃብሯ ላይ ቆሜ ፍትሐቷን እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሷ ስም አድርሻለሁ። እርሱ ሲመጣ ነገሩ ያለቀ ነበር። አርባ ቀን ስም አልባ ሆና አልተኛችም። እርሱ ነው እንደዚያ መስሎት የከረመው፤ እኔም መስሎት ይክረም ብዬ ተውሁት።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። እስከ ፍልሰታ ድረስ መቅደስ እንዳልገባ ቀኖና ሰጡኝ፤ ለእኔ አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልሆነ ነገር ነው። ተቀብያለሁ። ሌላም አዘዙኝ፤ «ሂድና እናቱ በሦስተኛው ቀን መፈታቷን ለልጁ ንገረው፣ በከንቱ ተሠቃይቷል» አሉኝ።

ትእዛዝ ነው፣ እነግረዋለሁ። በሙት ዓመቷ።

አባትሽ ወልደ ዮሐንስ